ቅዳሜዬን በስንት ብር ገዛኋት?

ከጥቂት ወራት በፊት ደሞዜን ራሴ አስቀነስኩ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። እናቴ ስትሰማ «ሰው ይጨመርልኝ ይላል እንጂ... ምን ነካሽ ልጄ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48። የምትቀረኝ እሁድ ብቻ ነበረች። እሷም ልብስ ማጠቢያ፣ ለቅሶ መድረሻ፣ ዘመድ መጠየቂያ ናት። ለመጻፍ ጊዜ ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ደክሞኛል፣ ቅዳሜ ልረፍ» አልኳቸው። «ማን ያልደከመው አለ?» ብለውኝ ወደ ስልካቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው። በድካም ድርድር አይጀመርም።

ታዲያ ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለመቼ ነው ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

መጀመሪያ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ልብ በሉ፣ 48 ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ከዚያ በታች መስማማት ይቻላል።

ቀጥሎ ብሩ። ያልተጣራ ደሞዜ 20,000 ነበር። 4,950 ግብርና 1,400 የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 13,650 እጄ ይገባል። ወደ 17,000 ዝቅ ሲል ደግሞ ግብሩ 3,900፣ ጡረታው 1,190 ሆኖ 11,910 ይደርሰኛል። ድርጅቱ 3,000 ብርና በላዩ ላይ የሚከፍልልኝን 11 በመቶ ጡረታ ይቆጥባል። ከኪሴ የሚጎድለው ግን 1,740 ብቻ ነው። ለምን? ከ14,000 በላይ ያለው ደሞዝ 35 በመቶ ግብር ስለሚቆረጥበት፣ የተቀነሰውም ከዚያው ላይ ስለሆነ። በ4 ቅዳሜ ስናካፍለው አንዷ 435 ብር!

ለሁለተኛ ጊዜ ስገባ አንድ ገጽ ይዤ ነበር። የቅዳሜ ሥራዬን ዐርብ እጨርሳለሁ፤ ወር መዝጊያ ላይ ግን ቅዳሜም እገባለሁ፤ ለ2 ወር እንሞክረው፣ ካልሆነ ወደ ድሮው እመለሳለሁ። በ2022 በእንግሊዝ 61 ድርጅቶች ደሞዝ ሳይቀንሱ አጭር ሳምንት ሞክረው አብዛኞቹ እንደቀጠሉበት ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። «እዚህ እንግሊዝ ነው እንዴ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አለቃዬ አሰቡ፣ አሰቡና «ከ6 ቀን 1 ከቀረ 3,333 ነው የሚቀነሰው» አሉ። ወር መዝጊያውን አስታወስኳቸው። 3,000 ላይ ተስማማን።

ለመሞከር ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ያዙ፤ አለቃ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ጡረታም የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በደሞዝ ስለሆነ ጉዳቱ ወርኃዊ ብቻ አይደለም። ደግሞም ለሁሉም አይሆንም። ጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ያቺ 1,740 ብር ከቤት ኪራይዋ ላይ ነው የምትጎድልባት። እሷ ቅዳሜም ትገባለች። ሰኞ ስንገናኝ «ቅዳሜ እንዴት ነበር?» ትለኛለች፤ መልስ ያጥረኛል።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት እየመረጠች «ስንት ነው ያልሽው? 435 ብር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በይ እንግዲያው ዘንቢሉን አንቺ ያዢው።»