የሕክምና ምርምር የደረሰበት ርቀት በምን ይለካል?

አንድ የሕክምና ጥናት ከታተመ በኋላ ማን አነበበው? ለማንስ ጠቀመ? ይህ ጥያቄ የተመራማሪውን ዕድገትና የምርምር ገንዘብን ከመወሰኑም በላይ፥ እኛን ተማሪዎችን የትኛውን ጽሑፍ እንደምናምን የሚመራን ነው። ስለዚህ መለኪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መለኪያ የጥቅስ ቍጥር ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፥ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ እንዲዘጋጅ አሳሰበ፤ ማውጫውም በ1964 ታተመ። ከዚህም ሥራ መጽሔቶች የሚመዘኑበት ቍጥር ተገኘ። ለምሳሌ አንድ መጽሔት በሁለት ዓመት ውስጥ 200 ጽሑፎች ቢያወጣና እነዚህ በተከታዩ ዓመት 800 ጊዜ ቢጠቀሱ፥ 800 ለ200 ሲካፈል መለኪያው 4 ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የመጽሔቱ አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ዋጋ አይደለም፤ ጥቂቶቹ እጅግ ሲጠቀሱ፥ የቀሩት ከቶ ሳይጠቀሱ ሊቀሩ ይችላሉና። በ2013 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም በዚህ ቍጥር ሰው እንዳይመዘንበት ጠይቋል።

ሁለተኛው በኢንተርኔት ላይ የሚሰበሰበው ነው። ጥቅስ እስኪጠራቀም ዓመታት ስለሚፈጅ፥ በ2010 አንዳንድ ተመራማሪዎች ጽሑፉ በማኅበራዊ መገናኛና በመሳሰለው ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ይቈጠር ብለው «አልትሜትሪክስ» የሚል ስም አወጡለት። ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ውጤት ይሰጣል።

እንግዲህ ሁለቱም የሚለኩት ድምፁ የደረሰበትን ርቀት እንጂ የነገሩን እውነትነት አይደለም። በ1998 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት፥ 12 ሕፃናትን ብቻ ያየ አንድ ጽሑፍ የኩፍኝ፥ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከኦቲዝም ጋራ የተያያዘ አስመስሎ አቀረበ። ወሬው ተዛመተ፤ በእንግሊዝ አገር ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ወደ ኋላ አሉ፤ ኩፍኝም ተመልሶ ተስፋፋ። መጽሔቱ ጽሑፉን ፈጽሞ የሻረው በ2010 ነው። ይኸው ጽሑፍ ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። ከጠቃሾቹ አብዛኞቹ ስሕተቱን ለመግለጥ የጻፉ ቢሆኑም፥ ቈጣሪው ወቀሳውንም ምስጋናውንም እኩል አንድ ይላል።

በዚያው መጽሔት በሜይ 2020 ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ከ96,000 በላይ በሽተኞችን አጠናሁ የሚለው ይህ ጽሑፍ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት የኮቪድ ሕመምተኞችን ለሞት እንደሚያጋልጥ ተናገረ። ነገሩ ወዲያው ዓለምን አዳረሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የመድኃኒቱን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ሆኖም መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ፥ ጽሑፉ በሁለት ሳምንት ገደማ ተሻረ። መድኃኒቱ ሆስፒታል ለተኙት የኮቪድ ሕመምተኞች እንደማይጠቅም የታወቀው ኋላ በሌሎች፥ በጥንቃቄ በተደረጉ ሙከራዎች ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ አንድ ጥናት አንብቦ ሕመምተኛ ቢያድንበት፥ ጥቅስ አይጽፍም፤ በማኅበራዊ መገናኛም ላያወራው ይችላል። ይህን የመሰለ ጥቅም ከቈጣሪው መዝገብ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ተጠቀሰ፥ ይህን ያህል ተወራለት ሲባል ስንሰማ፥ ማን ጠቀሰው? ለምንስ ጠቀሰው? ጽሑፉስ እስካሁን አልተሻረም? ብለን እንጠይቅ። ቍጥሩ ወደ ጽሑፉ ይመራናል እንጂ ከማንበብ አያድነንም።