አቀንጭራን ማን ጠራው?

መርካቶ፣ እህል በረንዳ። ከአይሱዙ የወረደው ማሽላ የጆንያው አፍ ተፈቶ ናሙናው መዳፍ ላይ ይዘረጋል። ነጋዴው አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ መድረቋን ያያል፤ ነቀዝ፣ አፈርና ጠጠር ይፈልጋል፤ ከዚያ ዋጋ ይቆርጣል። አቀንጭራን ግን በዚህ መንገድ የሚያገኘው የለም። የቆላ ማሽላ አራሽ አብዝቶ የሚፈራው ይህ አረም ዘሩ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ቢሆን ነው። ከጤፍ ፍሬ ጋር ቢቀመጥ ጤፏ ትገዝፋለች። ሰፌድም ሆነ ወንፊት አይለየውም።

መርካቶ ለገባ ማሽላ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ መጨረሻው ወፍጮ ቤት ነው። ነገሩ የሚከፋው በየቆላው ገበያ ነው። እዚያ ለምግብ የተሸመተ እህል ዝናብ ሲጥል ለዘር ሊውል ይችላል። አቀንጭራን ከማሳ ወደ ማሳ የሚያዛምተው ነፋስ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ግን ከነፋሱ ይልቅ በአቀንጭራ የተበከለው የሰብል ዘር ዋነኛ አጓጓዥ መሆኑን አሳይቷል።

ከአፈር በላይ ላየው ሰው አቀንጭራ ያምራል። አበባው ሐምራዊ ወይም ሮዝ ነው፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው፤ ራሱን የቻለ ተክል ይመስላል። ከሥር ግን ሥሩ የማሽላውን ሥር ሰርስሮ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ማሽላው ውኃ ሲጠማው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ለመቆጠብ ይሞክራል። አቀንጭራው በድርቅ ጊዜም ቀዳዳዎቹን አይዘጋም፤ ያለማቋረጥ እያተነነ የማሽላውን ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። የከፋው ደግሞ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው አረሙ ገና ከአፈር ሳይወጣ መሆኑ ነው። ገበሬው አበባውን አይቶ ሲነቅለው ማሽላው ከተጎዳ ሳምንታት አልፈዋል። ቢሆንም መንቀሉ ከንቱ አይደለም። ካልተነቀለ አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል።

ያ ሁሉ ዘር ምን ሲጠብቅ ይኖራል? በዚያ መጠኑ የያዘው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነው። በቅሎ አጠገቡ የማሽላ ሥር ካጣ ይሞታል። ስለዚህ እርጥበትና ሙቀት ቢያገኝም ምልክት እስኪደርሰው አይነቃም። ምልክቱን የሚልከው ራሱ ማሽላው ነው፤ ከሥሩ ወደ አፈር ከሚያንጠባጥባቸው ኬሚካሎች አንዱ ዘሩን ይቀሰቅሰዋል። ሳይንቲስቶች የዚህን ኬሚካል ቤተሰብ የመጀመሪያ አባል በ1966 ለይተው ስትሪጎል አሉት። ያገኙት ከጥጥ ሥር ነበር፤ ጥጥ ደግሞ አቀንጭራ የማያጠቃው ተክል ነው! ይህ ለገበሬው ይጠቅማል። የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ምግብ የሚነፍግ እንደ ጥጥ ያለ ሰብል ከማሽላ ጋር ቢፈራረቅ በአፈር ውስጥ ያለው የአረም ዘር እየሳሳ ይሄዳል። አሜሪካኖችም አቀንጭራ በ1956 ካሮላይና ውስጥ በበቆሎ ማሳ ሲገኝባቸው ያንኑ ሐሳብ በገንዘብ ሠሩት፤ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አፈር ውስጥ እየነፉ ዘሩ የሚመገበው ተክል በሌለበት በቅሎ እንዲሞት አደረጉ። ይህ የእኛ ገበሬ አቅም የሚፈቅደው መንገድ አይደለም።

ማሽላው ጠላቱን ለምን ይጠራል? መልሱ የመጣው በ2005 ከጃፓን ነው። ጥሪው ለአቀንጭራ አልነበረም። በሥር ዙሪያ የሚኖሩ ፎስፎረስ የሚያቀብሉ ጠቃሚ ፈንገሶች አሉ፤ ተክሉ የሚጣራው እነሱን ነው። አቀንጭራ የሌላውን ጥሪ ጠልፎ የሚመጣ ነው። አፈሩ በተራቆተ ቁጥር ተክሉ አብዝቶ ይጣራል፣ ጠላፊውም አብዝቶ ይመጣል። አቀንጭራ ደጋግሞ በታረሰና ማዳበሪያ ባላየ መሬት ላይ ለምን እንደሚበረታ ይህ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አቀንጭራ አረም የመሆኑን ያህል የአፈር ድህነት መለኪያም ነው።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ ይመጣሉ። በ1950 በምዕራብ ሸዋ ኦሎንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ሱዳን ውስጥ ሠርተው፣ ድርቅ የሚቋቋመው ሐጊን ዱራ 1 የተባለ ድቅል ማሽላ በ1983 እንዲወጣ አደረጉ። ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር የያዙት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ የማይጠራ ማሽላ ይኖር ይሆን? አፈላለጉም እንዲሁ ቀላል ነበር። የአቀንጭራ ዘር አጋር በተባለ የረጋ ነገር ላይ ይበተናል፣ በመካከሉ አንድ የማሽላ ፍሬ ይበቅላል፤ ከዚያም ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ድረስ አቀንጭራ እንደነቃ ይለካል። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር የማሽላው ጥሪ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። በማሳ ብቻ ቢሆን ዓመታት የሚፈጀው ምርጫ በዚህ ዘዴ ቀናት ብቻ ወሰደ።

ከዚህ ምርምር የተገኘ 8 ቶን ዘር በ1994 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰጠ። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎችም በኢትዮጵያ ተለቀቁ። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለሙ። በ2017 የእሳቸው ቡድን የዝምታውን ምንጭ አገኘ። አንድ ጂን ሲበላሽ ማሽላው ጥሪውን አያቆምም፤ የኬሚካሉን ዓይነት ይለውጣል፣ አዲሱ ኬሚካልም አቀንጭራን ብዙም አይቀሰቅስም።

የተሻሻሉት ዝርያዎች ግን አጫጭሮች ናቸው። የወሎ ወይም የሐረርጌ ገበሬ ከማሽላ ፍሬ ብቻ አይፈልግም፤ አገዳው ከብት ይመግባል፣ ምድጃ ያነዳል፣ አጥር ይሆናል። ለምሁሩ ድል የሆነው ቁመት ለባለ ማሳው ኪሳራ ነው፤ ገበሬው እነዚህን ዝርያዎች አልፈልግም ሲል ግትርነት ነው የሚሉት ሰዎች አገዳ ገዝተው የማያውቁ ናቸው። አቀንጭራም አልተኛም። ዘሩ የሚገኘው ከሌላ አቀንጭራ ጋር በነፍሳት አማካይነት ተዳቅሎ ስለሆነ ትውልዱ በባሕርይ ይለያያል፤ ለዝምተኛው ማሽላም የሚነቃ ዘር በመካከሉ ሊኖር ይችላል። አዳቃዮች አሁን የሚፈልጉት ሁለተኛ መከላከያ ነው፤ ጥገኛው ሲጣበቅበት የተነካውን የሥር ክፍል ራሱ ገድሎ ምግብ የሚከለክል ማሽላ። ይህ ባሕርይ ከአንዳንድ የዱር ማሽላዎች ሥር ተገኝቷል።