የሸንኮራ አገዳ አልኮል፤ ለባለገንዘብ የሚሰጠው ጥቅምና የአገር አስተዳዳሪ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር

አገር ከመሬቷ ያገኘችውን ፍሬ እኩሌታውን ተጠቅማ እኩሌታውን ስትጥል፤ በጣለችው ነገር ሊሠራ የሚችለውን ዕቃ ደግሞ ከውጭ በውድ ዋጋ ስትገዛ፤ ገንዘቧ በሁለት በኩል ይባክናል። የኢትዮጵያም የነዳጅ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሥራውን ካቆመ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍጣ ተጣርቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ዋጋውም የሚከፈለው ቡናው፣ ሰሊጡና ቆዳው ተሸጦ በሚገኘው የውጭ ገንዘብ ነው። በሌላ ወገን በአዋሽና በዓባይ ተፋሰስ የሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ፤ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ በሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ለመኪናና ለምድጃ የሚሆን ነዳጅ አለበት። ይህን ነዳጅ ለማውጣት ገንዘባቸውን ሊያውሉ የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ወረዳው በመጡ ጊዜ፤ መሬቱንና ውኃውን የሚጠብቀው ሹም የነገሩን ጥቅምና ጉዳት አስቀድሞ ሊያውቀው የተገባ ነው።

የሥራው መንገድ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ጥንስሱን በጌሾና በብቅል አብላልታ በእሳት አትንና እንፋሎቱን በውኃ አቀዝቅዛ እንደምታጠራቅም ሁሉ፤ ፋብሪካውም ሞላሰስ የሚባለውን የስኳር ተረፍ በውኃ አቅጥኖ እርሾ ይጨምርበትና ያብላላዋል፤ ከዚያም በረዣዥም የብረት ማማዎች ውስጥ እያተነነ ከመቶ እጅ 95 ያህሉ ንጹሕ አልኮል የሆነ ፈሳሽ ያወጣል። ነገር ግን ይህ ከቤንዚን ጋር ለመቀላቀል ገና አይበቃም፤ በውስጡ የቀረው ጥቂት ውኃ ካልወጣ አልኮሉ በታንክ ውስጥ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳልና። ስለዚህ ውኃውን በሚስብ ማጣሪያ አልፎ ንጽሕናው ከ99 ከመቶ በላይ ይደረጋል። የአልኮል የማቃጠል ኃይል ከቤንዚን ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ መሆኑንም ባለገንዘቡ በዋጋ ሒሳቡ ሊያስበው ይገባዋል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የቀደመችው አገር ብራዚል ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 መንግሥቷ ከውጭ በሚገባው ቤንዚን ላይ ከመቶ 5 አልኮል እንዲቀላቀል አዘዘ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ በድንገት አራት እጥፍ በሆነ ጊዜ አገሪቱ ብዙ ተጨነቀችና፤ በኅዳር 1975 ፕሮአልኮል የተባለውን ታላቅ የመንግሥት ፕሮግራም አወጀች። በ1979 በአልኮል ብቻ የሚነዳ መኪና ለገበያ ቀረበ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም በዚያች አገር ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች አብዛኞቹ በአልኮል የሚነዱ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ ቀጥሎም የስኳር ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ አለ። ፋብሪካዎቹም ትርፍ ወደሚገኝበት ወደ ስኳሩ አዘነበሉ፤ በ1989 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ባለመኪናዎች አልኮል አጥተው በማደያው ፊት ተሰለፉ። ሕዝቡ በአልኮል መኪና ላይ የነበረው እምነት ወዲያው ጠፋ፤ የተመለሰውም በ2003 ቤንዚንንም አልኮልንም በፈለጉት መጠን የሚጠቀም መኪና ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ነዳጅ እንደ ሌላ ሸቀጥ ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚታጣ ከሆነ የሚገዛው አይኖርም፤ የመንግሥትም ደንብ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚያኖር ሰው አይገኝም።

በኢትዮጵያ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የተጀመረው ከሆላንድ በመጣው ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው ኩባንያ ነው። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የወንጂ ሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ። የፊንጫ ፋብሪካ በ1991 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ከሞላሰስም አልኮል ማውጣት የተያዘው በዚሁ በፊንጫ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ 5 አልኮል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ ከመቶ 10 ከፍ ተደረገ። ለፊንጫ የአልኮል ማውጫ በዓመት 20 ሚሊዮን ሊትር፣ ለመተሐራው ደግሞ 12 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ልክ ተቈርጦላቸዋል። ሁለቱ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ የሚገኘው 32 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ለ325 ሚሊዮን ሊትር ቅልቅል ይበቃል። ነገር ግን የማውጫ ልክና በእርግጥ የወጣው አልኮል አንድ አይደሉም፤ አገዳ ካነሰ ሞላሰስ ያንሳል፤ ሞላሰስ ካነሰ ማውጫው ሥራ ይፈታል።

የሒሳቡ መሠረት በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ፋብሪካ በቀን 60000 ኩንታል አገዳ ቢጨምቅ፤ በዓመትም 200 ቀን ቢሠራ፤ የጨመቀው 12 ሚሊዮን ኩንታል ይሆናል። ከዚህ ከመቶ 4 ያህሉ ሞላሰስ ነው ቢባል 480000 ኩንታል ይገኛል። ከአንድ ኩንታል ሞላሰስ 24 ሊትር ያህል አልኮል ቢወጣ የዓመቱ ምርት 11 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ይሆናል። ለዚህ ሁሉ አገዳ፤ ከአንድ ሄክታር በዓመት 1000 ኩንታል ቢቈረጥ፤ 12000 ሄክታር ወይም በቀድሞው ልክ 300 ጋሻ የሚያህል መሬት ያስፈልጋል። በደጋማው ወገን አገዳው ለመድረስ ከዓመት ተኩል በላይ ስለሚወስድ መሬቱ ከዚህም ይበዛል። ስለዚህ ሞላሰሱ ባለበት ፋብሪካ አጠገብ ማውጫ የሚያቆም ሰው አንድ ጋሻ መሬት እንኳ ሳይጨምር ነዳጅ ያገኛል፤ አገዳውን እንዳለ ለአልኮል ብቻ ላብቅል የሚለው ግን የሰፊ መሬትና የብዙ ውኃ ጠያቂ ነው። ሹም እነዚህን ሁለት ዓይነት ጠያቂዎች ለይቶ ማየት አለበት።

ገንዘብ ሊውልባቸው የሚችሉት ሥራዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው አሁን በተባለው መንገድ በቆሙት ፋብሪካዎች አጠገብ አልኮል ማውጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴር ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ወደ ግል ባለገንዘቦች ለማስተላለፍ ጥሪ ማውጣቱም በዚህ በኩል የግል ገንዘብ እንደሚፈለግ ያሳያል። ሁለተኛው የአገዳው አሰር ነው። ከተጨመቀው አገዳ ከመቶ 28 ያህሉ አሰር ሆኖ ይቀራል፤ ይህም በማሞቂያ ሲነድ ፋብሪካውን በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ ከማንቀሳቀስ አልፎ የተረፈው ኃይል ለአገር መስመር ሊሸጥ ይችላል። ሦስተኛው የምድጃ ነዳጅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች ሰፈር በአልኮል የሚሠራ ምድጃ ለቤተሰቦች ታድሎ ማገዶ ፍለጋ በረሃ የሚሄዱትን ሴቶች ድካም አቅልሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፤ አስተዋይ ባለገንዘብ ተስፋውን በመኪና ላይ ብቻ ሳይጥል ይህን የምድጃውን ገበያ፣ የመድኃኒትና የንጽሕና አልኮሉንም አብሮ ያስባል።

አራተኛው የገበሬው ድርሻ ነው። በወንጂ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በይዞታቸው ላይ አገዳ እያበቀሉ ለፋብሪካው ሲያቀርቡ ኖረዋል። እንዲህ ያለው ሥራ መሬቱን ከባለይዞታው ሳይነጥቅ ፋብሪካውን ይመግባል። ነገር ግን አገዳ ከተቈረጠ በኋላ ከአንድ ቀን በላይ ቢቆይ ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳልና፤ ገበሬው አገዳውን ወደ ሌላ ገበያ ሊወስደው አይችልም፤ የሚሸጠው ለአንዱ ፋብሪካ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚዛኑ እውነተኛነት፣ የዋጋው አቈራረጥና የክፍያው ቀን አስቀድሞ በውል ተጽፎ ሹሙ በሚያውቀው መዝገብ መቀመጥ አለበት።

ይህ ማሳሰቢያ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ገደማ የዘይት ነዳጅ እናወጣለን ያሉ ኩባንያዎች በወላይታና በምሥራቅ ሐረርጌ ለገበሬዎች የጉሎ ዘር አድለው ነበር። ገበሬው በቆሎና ማሽላ በሚዘራበት መሬት ላይ ጉሎ ዘራ፤ ምርቱ እንደ ተነገረው ሳይሆን ቀረ፤ ገዢዎቹም ሥራውን ትተው ሄዱ። ኩባንያው የከሰረው ገንዘቡን ነው፤ ገበሬው የከሰረው ግን የዓመት ቀለቡን ነበር። በመተሐራም የአገዳው እርሻ በተስፋፋ ጊዜ የከረዩ ከብት አርቢዎች በበጋ የሚወርዱበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ አጥተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በግጦሽና በውኃ የተነሣው ጠብ ለአስተዳዳሪዎች የረጅም ዘመን ጭንቀት ሆኖ ኖሯል። በወንጂ ደግሞ ሠራተኞች ይጠጡት የነበረው የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ነበረ ብዙዎች በጥርስና በአጥንት በሽታ ተጎድተዋል። እነዚህ ሁሉ ጉዳቶች በፋብሪካው የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታዩም፤ በሕዝቡ ላይ ግን ይታያሉ።

ሌላም አለ። አልኮል ሲወጣ ከአንዱ ሊትር ጋር ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ ትኩስ፣ ጥቁርና ጐምዛዛ እጣቢ ይወጣል። ከላይ በምሳሌ የተነገረው ማውጫ በዓመት ከ115 ሚሊዮን ሊትር የማያንስ እጣቢ ያፈሳል ማለት ነው። ይህ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ በውኃው ያለውን አየር አጥፍቶ ዓሣውን ይገድላል፤ ከበታች ያለውም ሕዝብና ከብት የሚጠጣው ያጣል። በልክ ቀጥኖ ወደ አገዳው እርሻ ቢመለስ ግን ፖታሽ ያለበት ፍግ ይሆናል፤ በተዘጋ ጕድጓድ ቢብላላም የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። አንዱ ነገር እንደ አያያዙ መርዝ ወይም ሀብት ነው።

እንግዲህ ባለገንዘብ የመሬትና የውኃ ጥያቄ ይዞ በቀረበ ጊዜ፤ የወረዳው ሹም ከፈቃዱ አስቀድሞ እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ። አገዳው ወይም ሞላሰሱ ከየት ይመጣል? ወንዙ በበጋ ምን ያህል ውኃ አለው፤ ከእርሱስ እነማን ይጠጣሉ? በመሬቱ ላይ በዝናብ ወራት ሰው ባይታይ፤ በበጋ የሚመጣበት አርቢ አለ ወይ? ገበሬው ለገበያው የሚሆን አገዳ ሲያበቅል ለቤቱ የሚሆን እህል የሚዘራበት ቦታ ይተርፈዋል ወይ? እጣቢው ወዴት ይሄዳል? የስኳር ዋጋ በወጣና የነዳጅ ዋጋ በወረደ ጊዜ ማውጫው እንዴት ይቆማል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በቍጥር የሚመልስ ባለገንዘብ፤ ሊበረታታና ጉዳዩ ሳይጓተት ሊፈጸምለት ይገባል። መልስ የሌለው ግን መሬቱን አጥሮ ጊዜ የሚጠብቅ ሊሆን ስለሚችል፤ ልኩን ያወቀ ትንሽ ቦታ ተሰጥቶት ሥራውን ካሳየ በኋላ ይጨመርለት።

ሸንኮራ አገዳ አንድ ጊዜ ተተክሎ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው እያቈጠቈጠ ለብዙ ዓመት ይታጨዳል። ሥሩ በደንብ ከያዘ ስኳሩን፣ ነዳጁን፣ መብራቱንና ፍጉን በየዓመቱ ይሰጣል፤ በተከላው ቀን የተሠራው ስሕተትም እንዲሁ በየዓመቱ ከጉቶው ጋር ያቈጠቍጣል። ስለዚህ የሹሙ ትጋት የሚፈለገው ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ሳይሆን ገና መሬቱ ሳይታረስ ነው።