ለዘበኛው ውሻም ቀድሞ ማሰብ ይገባል

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ጎተራውንና በረቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ የሚያድረው ውሻ ግን እሳት ሲነሳ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወይም መሬት ሲናድ የሚያስታውሰው አያገኝም። መዘዙም ለውሻው ብቻ የሚቀር ሳይሆን ለመንደሩ ሰው ጤና የሚተርፍ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በአዲስ አበባ መሳለሚያን መመልከት ይበቃል። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ ጤፍና ስንዴ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎችና ነጋዴዎች መሳለሚያን ከእህል በረንዳ ጋር አያይዘው ያውቁታል። ቀን ተሸካሚውና የጭነት መኪናው ሲተራመስበት የሚውለው ይህ አካባቢ ሲመሽ መጋዘኑና ሱቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጥበቃው የዘበኛና የውሻ ነው። በሰንሰለት ከበር ወይም ከምሰሶ የታሰረ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ እሳት ቢነሳ ግን ከታሰረበት የሚሸሽበት መንገድ የለውም።

በመርካቶ ደግሞ የእሳት ሥጋት ሁልጊዜ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ብዙ ሱቆችን ያወደመ ሲሆን፣ እሳቱን ለማጥፋት ለሰዓታት ትግል ተደርጓል። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ መጨናነቅም ሥራውን አክብዶት ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው የሚያስበው ስለ ነፍሱና ስለ ንብረቱ ነው። የውሻው ሰንሰለት ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ የሚጠይቅ አይኖርም። ቁልፉ መታሰብ ያለበት ስለዚህ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ነው።

በገጠርም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። ሰው እንዲህ በጥድፊያ ሲነሳ ከብቱ ይነዳል፣ ሕፃኑ ይታዘላል፤ ውሻው ግን በቀላሉ ወደኋላ ይቀራል።

ወደ አደጋው ቦታ ተመልሶ ውሻ መፈለግም ሌላ አደጋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተውጠዋል። ሰውን ለማዳን የሄደ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ለእንስሳ ተብሎ መመለስ ፈጽሞ አይመከርም። ዝግጅቱ ከቀደመ መመለስም አያስፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል በደረሰ ጊዜ እንስሶቻችንን ጥለን አንሄድም ብለው ከቤታቸው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ በ2006 የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትን ጭምር እንዲያካትቱ የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ለገበሬው ዋናው ሥጋት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባለቤቱ የተለየው ውሻ ምግብ ፍለጋ ሲንከራተት ከሌሎች ውሾችና ከአውሬ ጋር ይናከሳል። ያልተከተበ ከሆነም በቀላሉ ይለከፋል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይገታል። በአዲስ አበባ «ፓስተር» እየተባለ የሚታወቀው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ላይ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ የቆየ ተቋም ነው።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች የክረምቱን ጎርፍና የበጋውን ቃጠሎ ለመከላከል አባሎቻቸውን ሰብስበው ሲመክሩ የሚከተሉትንም ቢያስቡ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ በየቤቱ ያሉትን ውሾች መመዝገብና ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ የክትባት ቀን መቁረጥ ነው። ክትባቱ አደጋ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን በደህና ጊዜ መሰጠት አለበት፤ የክትባቱም ወረቀት ከቤተሰቡ ሰነድ ጋር ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ውሻን በቁልፍ ወይም በማይፈታ ሽቦ ማሰር መቅረት አለበት። ልጅም ሆነ አዛውንት በአንድ ስበት ሊፈታው የሚችል ቋጠሮ ይበቃል። ከቤተሰቡ መካከል ማን እንደሚፈታውና ማን እንደሚይዘው አስቀድሞ ይወሰን። ጊዜ ከጠፋ ግን ፈትቶ መልቀቅ አስሮ ከመተው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ጠንካራ ገመድ፣ የሦስት ቀን ድርቆሽ፣ ውሃና የውሃ መጠጫ ጣሳ በአንድ ጆንያ ከበር አጠገብ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የደነገጠ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። በመጠለያ ሥፍራ ከሕፃናትና ከምግብ ማብሰያው ራቅ ብሎ ይታሰር፤ የሚጠብቀውም ሰው ይመደብለት።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው በባህል መድኃኒት ተማምኖ ቀናት ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። የነከሰውን ውሻ ቸኩሎ ከመግደልም፣ በደህና መያዝ ከተቻለ በባለሙያ ምክር 10 ቀን አስሮ ሁኔታውን መከታተል ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የስብሰባ ቀን፣ አንድ የክትባት ቀንና በየቤቱ አንድ ገመድ ነው። ማኅበሩ ጎተራውን ለመጠበቅ የሚያወጣውን ዕቅድ ጎተራውን እስከሚጠብቀው ውሻ ድረስ ካላደረሰው፣ ከአደጋው የተረፈው መንደር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በንክሻ ሰው ሊያጣ ይችላል።