«የነፍስ እርድ»፦ ወጣቶቻችን በዚህ የስዊድን ሙዚቃ ውስጥ ምን አገኙ?



አንዲት እናት እዚህ ሆሳዕና ወዳለው ቤታችን መጥተው፣ «ፓስተር፣ ልጄን ክፉ መንፈስ ሳይዘው አልቀረም። ማታ ማታ ጆሮው ውስጥ ሰው እየጮኸ ይተኛል» አሉኝ። ልጁን አውቀዋለሁ። ቀድሞ በኳየር ጊታር ይመታ ነበር፤ በኋላ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ከዚያም መቅረት ጀመረ። ጠርቼ ሳነጋግረው ምንም አልደበቀኝም። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝና፣ «ፓስተር፣ መጀመሪያ ይስሙት፤ ከዚያ ይፍረዱ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈርኩ። ለብዙ ዓመታት በወጣቶች ጉባኤ ላይ «የሮክ ሙዚቃ የሰይጣን ነው» ብዬ አስተምሬአለሁ። አንድም አልበም ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሰማሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን አራት ጊዜ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትንና ያሰብኩትን ለእናንተ ለማካፈል ነው።

አልበሙ ምንድን ነው?

የባንዱ ስም «አት ዘ ጌትስ» ይባላል፤ «በደጆቹ ላይ» እንደ ማለት ነው። አልበሙ «ስሎተር ኦፍ ዘ ሶል» ሲሆን ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነፍስ እርድ» ይሆናል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የሠሩት በስዊድን የወደብ ከተማ በጎተንበርግ የሚኖሩ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ አምስት ወጣቶች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። ድምፃዊው ቶማስ ሊንድበርግ ይባላል። አልበሙ 11 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 34 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። ከአንድ ስብከት ያጠረ ነው ማለት ነው።

የሙዚቃው ዓይነት «ዴዝ ሜታል» ይባላል፤ ቃል በቃል «የሞት ብረት» ማለት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ፣ ያደገ እጅግ ፈጣንና ሻካራ ሙዚቃ ነው። የጎተንበርግ ወጣቶች በዚህ ሻካራ ነገር ላይ ዜማ ጨመሩበት። በዚያው ከተማ፣ «ስቱዲዮ ፍሬድማን» በተባለ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ዳርክ ትራንኩዊሊቲ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ኢን ፍሌምስ የተባለው ደግሞ በ1996 ያወጧቸውን ተመሳሳይ አልበሞች ቀርጸዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ አድማጮች ይህን አሠራር «የጎተንበርግ ድምፅ» ይሉታል።

ሙዚቃውን ለማታውቁ እንዲህ ላስረዳችሁ። ከበሮው ሰው ከኋላው እንደሚያሳድደው ይሮጣል። ጊታሮቹ ክራቸው ከተለመደው ዝቅ ብሎ የተቃኘና ድምፃቸው የሻከረ ነው። ሆኖም በዚያ ጫጫታ ውስጥ አንደኛው ጊታር የሚያሳዝን ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛውም በኳየራችን ሁለተኛ ድምፅ እንደሚባለው ያጅበዋል። ድምፃዊው ግን አይዘምርም፤ ይጮኻል። ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጩኸት ይመስላል።

እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። በሌላው ሙዚቃ ዜማውን የሚይዘው ሰው ነው፤ መሣሪያው ያጅባል። እዚህ ግን ሰውዬው ይጮኻል፣ የሚያዜምለት መሣሪያው ነው። በአልበሙ መካከል ደግሞ ጩኸቱ ሁሉ ቆሞ ጊታሮች ብቻ በዝግታ የሚጫወቱበት ክፍል አለ። የትዝታ ቅኝት ሲሰማ ሆዱ የሚባባ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ስዊድንን የምናውቃት በሌላ ነገር ነው

ለእኛ ለወንጌል አማኞች ስዊድን እንግዳ አገር አይደለችም። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት አናሲሞስ ነሲብ ወንጌልን ያገኙት በእነርሱ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ ሥራ ብዙ ወርሳለች። ወደ ሐዋሳ የመጣው የፊላደልፊያ ሚሲዮንም ከስዊድን ነበር። ወደ እኛ ወደ ሐድያና ከምባታ ወንጌልን ያመጡት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጡት የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ቢሆኑም፣ የስዊድን አማኞች ለአገራችን የዋሉት ውለታ አይረሳም።

ታዲያ ወንጌል የላከችልን አገር ይህን እንዴት ላከች ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። በስዊድን ልጆች ሙዚቃ የሚማሩበት የማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤት አለ። ባንድ ለሚያቋቁሙ ወጣቶችም መለማመጃ ክፍል የሚያመቻቹ፣ ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ የትምህርት ማኅበራት አሉ። መሣሪያና ክፍል የተሰጠው ወጣት ደግሞ የሚጫወተው በልቡ ያለውን ነው። በእነዚህ ወጣቶች ልብ የነበረው የምሥራች ሳይሆን ፍርሃት፣ ቁጣና ተስፋ መቁረጥ ነበር።

የሰይጣን ሙዚቃ ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ እንደማታልፉ አውቃለሁ። በሐሰት መክሰስም ሆነ በሐሰት ማጽደቅ ተገቢ ስላልሆነ ነገሩን ለይቼ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በስካንዲኔቪያ የሜታል ሙዚቃ ውስጥ በእውነት ክፉ ነገር ነበረ። በኖርዌይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. «ብላክ ሜታል» የተባለው ሌላ ቅርንጫፍ ተከታዮች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። በዚያችው በጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ ሰው ላይ ለተፈጸመ ግድያ የሌላ ባንድ መሪ ተፈርዶበታል። ስለዚህ የወላጆች ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይህ አልበም ግን ከዚያ የተለየ ነው። ግጥሞቹን በእንግሊዝኛ አነበብኳቸው። ለሰይጣን የቀረበ ጸሎት አላገኘሁባቸውም። ያገኘሁት ሞትን፣ ፍርሃትን፣ ራስን ማጥፋትንና ነፍስን የሚያደርቅ ዓለምን የሚመለከት ምሬት ነው። ለሃይማኖትም ርኅራኄ የላቸውም።

ሦስተኛ፣ የጊታሩ መሻከርና የከበሮው ፍጥነት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስትራይፐር የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በከባድ ሮክ ስለ ክርስቶስ እየዘመረ ለሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውር ነበር። ከኖርዌይ ኤክስቶል፣ ከስዊድንም ፓንቶክራቶር የተባሉ ባንዶች በዚሁ በዴዝ ሜታል መንገድ ክርስቲያናዊ መልእክት አስተላልፈዋል። በእኛም አገር ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ ሮክን ከአገራችን ቅኝት ጋር አዋህዷል። መመርመር ያለብን መሣሪያውን ሳይሆን ቃሉንና ፍሬውን ነው።

ታዲያ ልጁ ምን አገኘበት?

«ምኑ ነው የሚስብህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ ቤተ ክርስቲያን የምንዘምረው ሁሉ ስለ ድል ነው። እኔ ድል አላየሁም። ይሄ ሰውዬ ግን እኔ መጮህ የፈለግሁትን ይጮህልኛል።»

የልጁ ታላቅ ወንድም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጨረሻ የደወለው ከማላዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የሞተ እንደሆነ እንዳይለቀስ አልተረዳም፤ በሕይወት እንዳለ እንዳይቆጠር አይደውልም። ድንኳን ያልተተከለለት፣ እድርተኛ ያልመጣለት ሐዘን ነው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ታሪክ ላብራራላችሁ አያስፈልግም። ከእናንተ ስንቱ ቤት ይህን መንገድ ያውቀዋል! እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በማላዊ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች ያሉበት የጅምላ መቃብር ተገኘ። ዜናው በተሰማ ቁጥር የስንት እናት አንጀት ይቆረጣል። እሑድ ጠዋት ግን ማይክራፎን ይዘን «እልል በሉ!» እንላለን። እናትየውም አብረው እልል ይላሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ያለቅሳሉ።

የአልበሙ ስበት እዚህ ላይ ገባኝ። ሐዘንና ቁጣ በልቡ የታመቀበት ሰው ለስላሳ ነገር ሲሰማ አይጽናናም፤ እንዲያውም ይከፋዋል። ላዘነ ልብ መዝሙር መዘመር በብርድ ቀን ልብስ እንደ መግፈፍ መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌም ይነግረናል (ምሳ. 25፥20)። ይህ ሙዚቃ ግን ሐዘኑን አይክደውም፤ በሙሉ ድምፁ ይጮኸዋል። ከሥሩ ያለው ዜማ ደግሞ ጩኸቱን ተሸክሞ ወደፊት ይወስደዋል። ሰሚው ብቻዬን አይደለሁም ይላል። ከ34 ደቂቃ በኋላ ደረቱ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ቀለል ይለዋል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ከእኛ ይልቅ ይጮኻል

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ የከሰስኩት ልጁን ሳይሆን ራሴን ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ የሰቆቃ መዝሙር ነው። መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ «ግን እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መዝጊያ እንኳ የለውም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ (ኢዮ. 3)። ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ለምን ተውኸኝ ብሎ በታላቅ ድምፅ ጮኸ (ማር. 15፥34)። የዕብራውያን መልእክትም በሥጋው ወራት ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር እንደ ጸለየ ይመሰክራል (ዕብ. 5፥7)።

የእኛም መዝሙር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በደርግ ዘመን ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል፤ በእስር ቤት የተወለዱት መዝሙሮቹ ዛሬም የተቸገረን ሰው ያጽናናሉ። የሚያጽናኑት መከራውን ስላልደበቁት ነው። የድሮውን የለቅሶ ወግ ብዙውን ትተናል፤ ለመተው በቂ ምክንያት የነበረን ነገርም ነበረ። ነገር ግን ለቅሶውን ስንተው በቦታው ምን አስቀመጥን? ባዶ የተወነውን ቦታ ጎተንበርግ ሞላው።

አልበሙ የማይሰጠው ነገር

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለወጣቶች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያ ለስላሳ የጊታር ክፍል ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ሞተው ሰማይ» ማለት ነው። የአልበሙ እውነትም ጉድለቱም በዚህ ርዕስ ውስጥ አለ። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ሰሚ ግን የለውም። የመዝሙር 88 ሰው ደግሞ በዚያው ጨለማ ውስጥ ሆኖ «አንተ» የሚለው አለው፤ የሚከስሰው፣ የሚጠይቀው፣ የሚጠብቀው አለው። ጩኸታቸው ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚጮኹበት አቅጣጫ ግን ይለያያል። ጌታችንም ሥጋን የሚገድሉ ሁሉ ነፍስን መግደል እንደማይችሉ ተናግሯል (ማቴ. 10፥28)። ስለ ነፍስ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ባለ እርዱ አይደለም።

ድምፃዊው ቶማስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በካንሰር ሕመም በ52 ዓመቱ ዐረፈ። ዜናውን የነገረኝ ያው ልጅ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሊንድበርግ በኑሮው መምህር እንደነበረም የሰማሁት ከእርሱ ነው። ለቤተሰቡ መጽናናትን እየለመንን አብረን ጸለይን። ከዚያ በፊት ስለ አንድ የሮክ ዘፋኝ ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አብራችሁ ስሙ፤ «ይህ ምን ይልልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ስለ ሞት ብቻ የሚያወራ፣ እንቅልፍና ምግብ የተወ እንደሆነ ግን ነገሩ ከሙዚቃ በላይ ነውና ቶሎ መጋቢያችሁንም ሐኪምም አማክሩ።

የአምልኮ መሪዎች፣ ከአምስት የድል መዝሙር መካከል አንዱ የሰቆቃ ይሁን። ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስም ትእዛዝ ነው (ሮሜ 12፥15)።

ወጣቶች፣ ሁሉን መርምሩ፤ መልካሙንም ያዙ (1ተሰ. 5፥21)። የምትሰሙት ነገር ከ34 ደቂቃ በኋላ ወዴት እንደሚጥላችሁ አስተውሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

በእኛ አጥቢያ አንድ ረቡዕ ማታ በጸሎት ጊዜ መዝሙር 88ን አንብበን፣ መዝሙር ሳንጨምርበት ዝም አልን። ከዚያ አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። ሌላዋ ተከተሉ። ሌላም። በዚያች ማታ በመንገድ የቀሩ ስንት ልጆች እንዳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። ያ ወጣት ከኋላ ቆሞ ነበር። ወንድሙ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አልበሙንም ከስልኩ አላጠፋውም፤ እኔም አጥፋው አላልኩትም። ረቡዕ ረቡዕ ግን ጊታሩን ይዞ ይመጣል።

የከተማችን ስም ሆሳዕና ነው። ዘንባባ ይዘን በደስታ የምንለው ቃል ሥሩ «እባክህ፣ አሁን አድን!» የሚል ጩኸት መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በጩኸት የተሰየመች ከተማ ውስጥ እየኖርን የሚጮኹትን ልጆቻችንን አናሳፍር። ወዴት እንደሚጮኹ ግን እናሳያቸው።

ጌታ ይባርካችሁ።