ማበጠሪያው ብቻውን ቁንጫን አያጠፋም

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ ድመት በቤት ውስጥ የራሷ ሥራ አላት። እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ማታም ከልጆች ጋር በመደቡ ላይ ትተኛለች። ውሻውም በደጅ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሳያውቁት ወደ ቤት የሚያስገቡት መጥፎ እንግዳ አለ። እርሱም ቁንጫ ነው።

ውድ እናቶች፣ ልጃችሁ ጧት ሲነሳ ቁርጭምጭሚቱንና ባቱን የሚያክ ከሆነ፣ በቆዳውም ላይ ተርታ የያዙ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦችን ካያችሁ፣ ሙቀት ነው ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ድመታችሁን መርምሩ።

ጉዳቱ ከማሳከክ ያልፋል

ቁንጫ ደም መጣጭ ናት። ብዙ ሆና የሰፈረችባት ግልገል ድመት ደሟ አልቆ ድድዋ ይነጣል፣ ልትሞትም ትችላለች። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የገጠር ቤት የድመት ቁንጫ የበግና የፍየል ግልገልንም አትምርም።

በይበልጥ ልታውቁት የሚገባው ግን፣ ቁንጫ የውሻንና የድመትን የኮሶ ትል ዘር በሆዷ የምትሸከም መሆኗን ነው። ከእንስሳ ጋር ሲጫወት የዋለ ሕፃን ሳያውቅ ቁንጫ ቢውጥ፣ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ በሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ከታዩ ነገሩ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ በቤት ውስጥ ኮሶ ከማጠጣት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

አበጣጠሩ እንዴት ነው?

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ፣ ነጭ ጨርቅና ሳሙና የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው። የልጆችን ቅማል የምታወጡበት ዓይነት ማበጠሪያ ይበቃል። ሆኖም የልጁ ለልጁ፣ የእንስሳውም ለእንስሳው ተለይቶ ይቀመጥ።

ድመቷን በነጩ ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ጠጉሯ በተኛበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አበጥሩ። ከአንገቷ ጀምራችሁ ከጆሮዋ ኋላ፣ በጀርባዋና በሆዷ አድርጋችሁ እስከ ጅራቷ ሥር ውረዱ። ቁንጫ ከሁሉ ይልቅ አንገትንና የጅራትን ሥር ትወዳለች። በየጊዜው ማበጠሪያውን በሳሙናው ውኃ ውስጥ ንከሩት። ቁንጫ በንጹሕ ውኃ ላይ ልትንሳፈፍ ትችላለች፤ ሳሙና ያለበት ውኃ ግን ያሰጥማታል። በጥፍር መጭመቅ አያስፈልግም።

ቁንጫ ባታገኙም በጨርቁ ላይ የረገፈውን ጥቁር ብናኝ ተመልከቱ። ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ቀይ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ ደም ነው። ድመቷ ከተቆጣች በግድ አትያዙ። ድመት ወይም ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታን በመፍራት ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ትልቁ ሠራዊት ያለው በወለሉ ላይ ነው

ብዙ እናቶች ድመቷን አበጥረው ሲያበቁ ከሳምንት በኋላ ቁንጫው ተመልሶ ሲመጣ ተስፋ ይቆርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅማል እንቁላል ጠጉር ላይ ይጣበቃል፤ የቁንጫ እንቁላል ግን አይጣበቅም። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሎቹም ድመቷ በሄደችበት ሁሉ ይረግፋሉ። በወለሉ አቧራ፣ በመደቡ ስንጥቅና በቁርበቱ ሥር ተፈልፍለው ትል ይሆናሉ። ቀጥሎም በድር ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። በሞቃት ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አድገው ይወጣሉ፤ ካልተመቻቸው ግን በድራቸው ውስጥ ለወራት ይቆያሉ።

ስለዚህ ማበጠርና መጥረግ አብረው መሄድ አለባቸው። ድመቷን በየቀኑ ቢያንስ ለአንድ ወር አበጥሩ። የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ እጠቡ። ቁርበቱንና ሰሌኑን እያራገፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ወለሉን ከየማዕዘኑ ጠርጉና ጥራጊውን ከቤት አርቃችሁ አቃጥሉ። የመደቡንና የወለሉን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኑ።

ከመርዝ ተጠንቀቁ

አንዳንድ ሰዎች ቸኩለው ለሰብል ተባይ የሚረጨውን ማላታዮን ወይም ነጭ ጋዝ በእንስሳው ላይ ያፈስሳሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ድመት ገላዋን በምላሷ ስለምታጸዳ መርዙን ትውጠዋለች። ያንኑ ጠጉር የሚዳብሰው ልጅም እጁን ወደ አፉ ያስገባል። ለውሻ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ፐርሜትሪን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ድመትን ይገድላሉ። መድኃኒት ካስፈለገ የእንስሳት ሐኪም ለእንስሳው ዓይነትና ክብደት የሚያዘው ብቻ ይሰጥ።

እንግዲህ እናቶች፣ ከሥራ ስትመለሱ አሥር ደቂቃ ለማበጠሪያው ስጡ። መጥረጊያውንም ትልልቆቹ ልጆችና አባወራው ተቀብለው ያግዙ። ድመቷ ያለ ማከክ ስታድር ልጆቻችሁም በሰላም ያድራሉ።