የሞተሩ ቢጫ መብራት ምን ይነግረናል?

በአሜሪካ የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን፣ በረዶ ሲጥል ባደረበት አንድ ማለዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራችው ቶዮታ ፒክአፓችን አልነሣም ብላ አስቸገረችን። ቁልፉን ደጋግመን ካዞርን በኋላ እየተንገዳገደች ብትነሣም፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተሩ ቢጫ መብራት በርቶ ቀረ። መኪናዋ ከተማሪ አበል ላይ በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛች ነበረችና ነገሩ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ የሠራነው ስሕተት ከመኪና ጥገና አልፎ ስለ ልኬት ምንነት ያስተማረን ቁም ነገር ስላለው፣ ለአንባብያን ልናካፍለው ወደድን።

መብራቱ እንዴት ይቆጥራል?

በዚህች መኪና ለሞተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡራተር ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ሙቀት፣ የሚገባውን የአየር መጠንና በጭሱ ውስጥ የሚገኘውን ኦክስጅን በሰንሰሮች አማካይነት ይከታተላል። ከነዚህ አንዱ ሊታመን የማይችል ምልክት ሲልክለት ጉድለቱን በቁጥር መልክ በማስታወሻው ይመዘግባል፤ መብራቱንም ያበራል።

ቁጥሩን ለማንበብ የሚያስፈልገው አንድ አጭር ሽቦ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ማርሹ ፍሪ ላይ ሆኖ፣ በኮፈኑ ሥር ያለችውን የምርመራ ሳጥን ከፍተን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦው እናገናኛለን። የተሳሳተ ቀዳዳ ማገናኘት ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ከዚያም ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን እንከፍታለን። የተመዘገበ ጉድለት ከሌለ መብራቱ በእኩል ጊዜ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ጉድለት ካለ ግን በመጀመሪያ የዐሥር ቤቱን አኃዝ ይቆጥራል፤ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ያርፍና የአንድ ቤቱን ያስከትላል።

የእኛው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ዐረፈ፤ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። ቁጥሩ 22 መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት ከሚለካው ሰንሰር የሚመጣውን ምልክት ይመለከታል። እኛ ግን «ሰንሰር» የሚለውን ቃል ይዘን «ምልክት» የሚለውን ዘለልነው። የሳምንት ቀለባችንን ገንዘብ አውጥተን አዲስ ሰንሰር ገዛን፤ ለወጥነውም። የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ ለማጥፋት ኢኤፍአይ የሚል የተጻፈበትን ፊውዝ ነቅለን ከ10 ሴኮንድ በላይ ቆይተን መለስነው። ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ ተመልሶ በራ፤ ቁጥሩም ያው 22 ሆነ።

ነገሩን በቤተ ሙከራችን ይሠሩ ለነበሩ አንድ አረጋዊ ቴክኒሽያን ብናጫውታቸው፣ «አሮጌውን ሰንሰር ለክታችሁታል?» ሲሉ ጠየቁን። የፊዚክስ ተማሪዎች ሆነን ሳለ የምንመልሰው አጣን።

ኮምፒዩተሩ የሚያየው ምንድን ነው?

ሰንሰሩ ቴርሚስተር ይባላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ሴሚኮንዳክተር ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ግን ኦምንም ሆነ ዲግሪን በቀጥታ አያይም። በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልክና፣ በሰንሰሩ ጫፎች መካከል የሚገኘውን ቮልቴጅ ያነባል።

ለስሌት እንዲመቸን የውስጡ ሬዚስተር 2000 ኦም ነው እንበል። ሰንሰሩ በ20 ዲግሪ 2500 ኦም ቢሆን ንባቡ 2.8 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ቢሆን ወደ 0.65 ቮልት ይወርዳል። እንግዲህ ከሰንሰሩ የሚመጣው ሽቦ ቢበጠስስ? ከረንት ስለማይፈስስ ኮምፒዩተሩ ሙሉውን 5 ቮልት ያያል። ይህን ወደ ሙቀት ብንተረጉመው በየትኛውም አገር ከሚያጋጥም ብርድ የከፋ ብርድ ይሆናል። በመሆኑም ኮምፒዩተሩ ንባቡን ውድቅ ያደርግና ውኃው 80 ዲግሪ እንደ ሆነ ቈጥሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ያች ማለዳ የተፈተንንበትም ምክንያት ይኸው ነበር። ቤንዚን በብርድ ጊዜ በሚገባ ስለማይተን ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሣት ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። ሞተሩ ሞቋል ብሎ ያመነ ኮምፒዩተር ግን ያን ጭማሪ አይሰጠውም።

ጥፋቱ የት ተገኘ?

አሮጌውን ሰንሰር በበረዶ ውኃ፣ ቀጥሎም በሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከርን ብንለካው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካነው። ከማያያዣው አጠገብ ነቅነቅ ስናደርገው መለኪያው መስመሩ መቋረጡን አሳየ፤ የላስቲክ ልባሱ ሳይጎዳ መዳቡ ብቻ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። አንድ ጣት የማይሞላ ሽቦ ቀጥለን ጥገናውን ፈጸምን።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ ቀላል መኪኖች አንድ ዓይነት የምርመራ ሥርዓት ግዴታ ሆኗል። ዛሬ ተመሳሳይ ብልሽት ሲያጋጥም የምርመራ መሣሪያው ፒ0118 የሚል ኮድ ያሳያል፤ ትርጉሙም ከውኃ ሙቀት ሰንሰር የሚመጣው ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሰንሰሩ፣ ሽቦው፣ ማያያዣው ወይም ራሱ ኮምፒዩተሩ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለይልን ልኬት ብቻ ነው። በሜካኒካዊ ፓምፕ የሚሠሩ ብዙ የቆዩ የናፍጣ ፒክአፖች ግን እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ስለሌላቸው ይህ ዘዴ ለነሱ አይሠራም።

ተማሪዎቻችን አንድ ቴርሚስተርና መልቲሜትር ካገኙ ሙከራውን ራሳቸው ሊደግሙት ይችላሉ፤ ሬዚስታንሱን በየ10 ዲግሪው ለክተው በግራፍ ቢያስቀምጡት ጠመዝማዛውን መስመር በዓይናቸው ያዩታል። ሆኖም የሚፈላ ውኃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው ብለው እንዳይነሡ አደራ እንላለን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ። እኛ ጤነኛውን አሮጌ ሰንሰር አልጣልነውም። እስከ ዛሬ በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ስለ ልኬት በምናስተምርበት ቀንም ይዘነው ወደ ክፍል እንገባለን።